ሲትኮሙ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲዘፍን

የሙሽራ ቀሚስ የለበሰች ሴት እያለከለከች ወደ አንድ ካፌ ዘልቃ ትገባለች። ገና አንድ ቃል ሳትናገር አዳራሹ በጭብጨባና በሳቅ ይሞላል። ተዋናይቷን የሚያውቃት ተመልካች ላይኖር ይችላል፤ የምትጫወታትን ሴት ግን ሁሉም ያውቃታል። ሬቸል ናት፤ ከገዛ ሠርጓ ጠፍታ የመጣችው ሬቸል። ትርኢቱ «ፍሬንድስ! ዘ ሚውዚካል ፓሮዲ» ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ቴአትር ቤት ተጀምሮ ከሁለት ዓመት በኋላ በሰሜን አሜሪካ ከተሞች መዞር የጀመረ፣ «ፍሬንድስ» በተባለው ዝነኛ ሲትኮም (የቴሌቪዥን ተከታታይ ኮሜዲ) ላይ እየዘፈነ የሚቀልድ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው።

ፓሮዲ የታወቀን ሥራ አስመስሎና አጋኖ የሚቀልድ የጥበብ ዘርፍ ነው። ሰው በማያውቀው ነገር ላይ ቢቀልዱ የሚስቅ አይገኝም። ተወዳጅ ሲትኮም ለዚህ ሥራ የሚመቸውም ስለዚህ ነው፤ ተመልካቹ ገጸ ባሕርያቱን ለዓመታት ሳሎኑ ድረስ እያስገባ ኖሯል፤ አነጋገራቸውን፣ ቁጣቸውን፣ በር አከፋፈታቸውን ሳይቀር ያውቃል። «ቤቶች» የተሰኘውን የአገራችንን ሲትኮም ሲከታተል የኖረ ቤተሰብ ይህን ስሜት አያጣውም። ድምፃቸው ገና ከጓዳ ሲሰማ ማንነታቸው የሚለይ ገጸ ባሕርያት ከቤተ ዘመድ የሚያንሱ አይደሉም።

ኒውዮርክ ውስጥ የሚኖሩ የስድስት ጓደኛሞችን ታሪክ የሚተርከውን «ፍሬንድስ»ን የፈጠሩት ዴቪድ ክሬንና ማርታ ካውፍማን ናቸው። ኤንቢሲ በተባለው ጣቢያ ከሴፕቴምበር 1994 እስከ ሜይ 2004 በ10 ምዕራፍ 236 ክፍሎች ተላለፈ፤ የመጨረሻውን ክፍል በአሜሪካ ብቻ ከ52 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቶታል። አንዱ ክፍል ማስታወቂያው ሲወጣለት 22 ደቂቃ ያህል ነው። ሁሉም ሲደመር ከ86 ሰዓት ይበልጣል። የመድረኩ ደራሲዎች ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ጀምረው መጨረስ አለባቸው።

የደራሲው ብልሃት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ተመልካች 86 ሰዓቱን በሙሉ አያስታውስም። በልቡ የቀሩት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ማለቂያ የሌለው የሮስና የሬቸል ፍቅር፣ ሮስ «ያኔ እኮ ተለያይተን ነበር» እያለ ለዓመታት የሚያነሳው ክርክር፣ የሞኒካ የንጽሕና አባዜ፣ ፊቢ ጊታሯን ይዛ ስለምትሸት ድመት የምታንጎራጉረው ዘፈን፣ ጆይ ከሳህኑ አንዲት ጉርሻ እንኳ ለማካፈል እምቢ ማለቱ፣ የጃኒስ ጆሮ የሚበሳ ሳቅ። ፓሮዲው እነዚህን መርጦ አንዱን በሌላው ላይ ይደርባቸዋል። በቴሌቪዥን 10 ዓመት የወሰደ ፍቅር በመድረክ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ሲጣመር፣ ሲፋታ፣ ደግሞ ሲጣመር ተመልካቹ ከዚህ ቀደም ያላስተዋለውን ነገር ያያል፤ ታሪኩ ለካስ እዚያው በዚያው ሲሽከረከር ነበር የኖረው። ይህን በአንቀጽ ከመተንተን ይልቅ በዘፈን ማሳየት እጅግ የበለጠ ኃይል አለው።

የትርኢቱ ደራሲዎች ቦብና ቶብሊ ማክስሚዝ በሚል ስም የሚጽፉ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፣ የሙዚቃው ደራሲ አሳፍ ግላይዝነር ነው። ሁለቱ ጸሐፍት ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበሩም። በ2013 «ቤይሳይድ! ዘ ሚውዚካል!» የሚል ትርኢት አዘጋጅተው ነበር፤ እሱም ከ1989 እስከ 1993 በታየው «ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» በተባለው የወጣቶች ሲትኮም ላይ የሚቀልድ ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ሆኖ ይጫወት የነበረው ዴኒስ ሃስኪንስ ራሱ በዚያ መድረክ ላይ በእንግድነት ቀርቧል። ስለ አንድ ፓሮዲ ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ማግኘት ያስቸግራል፤ የተቀለደበት ሰው መጥቶ አብሮ ተጫውቷልና።

ከ«ፍሬንድስ» ቀጥሎ በ2018 የመጣው «ዘ ኦፊስ! ኤ ሚውዚካል ፓሮዲ» ነው። «ዘ ኦፊስ»ን መጀመሪያ የፈጠሩት እንግሊዛውያኑ ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት በ2001 ሲሆን፣ የአሜሪካው ቅጂ ከ2005 እስከ 2013 በ201 ክፍሎች ታይቷል። ታሪኩ በፔንሲልቬንያ ግዛት ስክራንተን በምትባል ከተማ፣ ወረቀት በሚሸጥ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ይካሄዳል። አንድ የዘጋቢ ፊልም ቡድን የሠራተኞቹን የዕለት ውሎ ይቀርጻል፤ ሠራተኞቹም አለቃቸው ማይክል ስኮት የሚያሳፍር ነገር በተናገረ ቁጥር ወደ ካሜራው መለስ ብለው በዓይናቸው «አያችሁልኝ?» ይላሉ። የዚያ ሲትኮም ግማሽ ቀልድ በዚች እይታ ላይ የተመሠረተ ነው።

መድረክ ላይ ካሜራ የለም። ፊትን አቅርቦ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ ያች ትንሽ የዓይን እንቅስቃሴ እስከ ኋለኛው ወንበር መድረስ አለባት። ተዋናዩ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ አንዳንዴም መላ አካሉን ወደ አዳራሹ ያዞራል፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ ራሱ ካሜራ ይሆናል። በዚህ ትርኢት ማይክል ስኮትን የምትጫወተው ሴት መሆኗም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ስቲቭ ካረል በቴሌቪዥኑ ላይ የሠራውን አለቃ ሴት ተዋናይ ስትሠራው ተመልካቹ የመልክ ምስስሎሽ መፈለጉን ይተውና የሰውየውን ጠባይ ማየት ይጀምራል፦ ካልተወደደ የሚጨነቅ፣ ሳያስበው የሚያስቀይም፣ ብቻውን መሆን የሚፈራ ሰው።

ሲትኮም ወደ መድረክ መውጣቱ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሲትኮም የተወለደው ከመድረክ ነው። በ1951 የጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» በአንድ ጊዜ በሦስት የፊልም ካሜራ፣ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጠ ሕዝብ ፊት ይቀረጽ ነበር። ተዋናዮቹ ሉሲል ቦልና ዴዚ አርናዝ ከካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ ጋር ሆነው ያስፋፉት ይህ አሠራር ለብዙ አሥርት ዓመታት የሲትኮም መደበኛ አሠራር ሆኖ ቆይቷል። «ፍሬንድስ»ም በካሊፎርኒያ በርባንክ፣ በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ውስጥ በሕዝብ ፊት ነበር የሚቀረጸው። የሞኒካ ቤት አራተኛ ግድግዳ የሌለው ለዚህ ነው፤ የካፌው ሶፋም ሁልጊዜ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይቀመጣል። ተዋናዮቹ ሳቁ እስኪያልፍ ቆም ብለው ይጠብቁ ነበር። እንግዲህ ሶፋውን መድረክ ላይ ያወጣ አዘጋጅ የሠራው ነገር ቢኖር ወደ ወላጆቹ ቤት መመለስ ነው።

በመድረክ የታወቀን ነገር አስመስሎ መቀለድም እጅግ የቆየ ነው። የግሪኩ አሪስቶፋነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ405 «እንቁራሪቶች» በተሰኘው ኮሜዲው የታላላቆቹን የኤስኪለስንና የዩሪፒደስን አጻጻፍ መሳቂያ አድርጎታል። እንግሊዛዊው ጆን ጌይ በ1728 ለንደን ውስጥ «የለማኞች ኦፔራ»ን ሲያቀርብ የመኳንንቱን የጣልያን ኦፔራ ፋሽን የሌቦችና የለማኞች ታሪክ አድርጎ፣ ሕዝቡ በየመንገዱ የሚያዜማቸውን ዜማዎች አልብሶ ነበር። በመጀመሪያው ወቅት 62 ጊዜ ታየ፤ በዚያ ዘመን ይህ የሚያስደንቅ ቁጥር ነው።

ለዛሬዎቹ የሲትኮም ፓሮዲዎች ቅርብ አያት ግን ቺካጎ ውስጥ ይገኛል። በ1990 አኖያንስ በተባለ ቴአትር ቤት ፌዝና ጆይ ሶሎዌይ «ዘ ሪል ላይቭ ብሬዲ በንች» የሚል ትርኢት አቀረቡ። ያደረጉት ነገር ቀላልና ድፍረት የተሞላበት ነበር። ከ1969 እስከ 1974 የታየውን «ዘ ብሬዲ በንች» የተባለ የቤተሰብ ሲትኮም ወስደው የቴሌቪዥኑን ጽሑፍ እንዳለ፣ አዋቂ ተዋንያን የልጆቹን ቦታ ይዘው ተጫወቱት። እናቲቱን የምትጫወተው በኋላ በ«ግሊ» የቴሌቪዥን ተከታታይ ዝነኛ የሆነችው ጄን ሊንች ነበረች። ቀልድ አልተጨመረም፤ የ1970ዎቹ አነጋገር ከ20 ዓመት በኋላ በአዋቂ አፍ ሲነገር ራሱ ያስቅ ነበር። ትርኢቱ ከቺካጎ ወጥቶ ኒውዮርክ ድረስ ሄደ።

በቴሌቪዥን የሌላ ሰው የሆነውን ገጸ ባሕርይ ወስዶ ትኬት እየሸጡ መጫወት ግን ይፈቀዳል? ብዙ ተመልካች ከአዳራሹ ሲወጣ የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱ የመጣው ከሙዚቃ ክርክር ነው። ቱ ላይቭ ክሩ የተባለው የራፕ ቡድን የሮይ ኦርቢሰንን «ኦ፣ ፕሪቲ ዉማን» ለመቀለጃ ለመጠቀም ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ፤ ቢሆንም ሠርቶ አወጣው። ክሱ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞቹ ማርች 7 ቀን 1994፣ ማለት «ፍሬንድስ» ሊጀምር ስድስት ወር ሲቀረው፣ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ፓሮዲ ገንዘብ ቢያስገኝ እንኳ የቅጂ መብት ሕጉ በሚፈቅደው ተገቢ አጠቃቀም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ዋናው ጥያቄ አዲሱ ሥራ በአሮጌው ላይ አዲስ ትርጉም ጨምሯል ወይ የሚለው ነው አሉ።

ይህ መርሕ በሲትኮም ላይ የተፈተነበት ታሪክ ከሁሉም የሚያስተምር ነው። ከ1977 እስከ 1984 በታየው «ትሪስ ካምፓኒ» ውስጥ ጆን ሪተር የሚጫወተው ወጣት ከሁለት ሴቶች ጋር ቤት ለመጋራት ሲል ለአከራዩ ግብረ ሰዶማዊ ነኝ ብሎ ይዋሻል። ቀልዱ በሙሉ ከዚህ ውሸት ይመነጫል። ፀሐፌ ተውኔት ዴቪድ አጅሚ በ2012 «3ሲ» በሚለው ተውኔቱ ይህንኑ ቤት፣ ይህንኑ ዘመን፣ ተመሳሳይ ሰዎችን ወስዶ አንድ ነገር ቀየረ፦ ወጣቱ አልዋሸም፣ በእርግጥም እንደዚያ ነው። ያን ጊዜ የአከራዩ ቀልድ ሁሉ ጭካኔ ሆነ፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሳቅም የሚያስፈራ ሆነ። የሲትኮሙ ባለመብት ድርጅት ተውኔቱ እንዲቆም ደብዳቤ ጻፈ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና ዳኛ ሎሬታ ፕሬስካ በ2015 ለአጅሚ ፈረዱለት። ተውኔቱ ከሲትኮሙ ብዙ ቢወስድም የወሰደውን ፈጽሞ ሌላ ነገር አድርጎታል፤ ሲትኮሙን ማየት የፈለገ ሰው በእሱ ፋንታ «3ሲ»ን ሊያይ አይሄድም።

ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በአገሪቱ ሕግ ከ2014 ጀምሮ ለፓሮዲ የተለየ ፈቃድ አለ። በጆን ሰሊቫን የተጻፈውና በ1981 የጀመረው «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» የእንግሊዛውያን የልብ ሲትኮም ነው፤ ዴል ቦይ የተባለውን አራዳ ነጋዴ የማያውቅ እንግሊዛዊ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ድርጅት ገጸ ባሕርያቱን እራት በሚበሉ እንግዶች መካከል የሚያዘዋውር ትርኢት አዘጋጀ። የደራሲው ቤተሰብ ኩባንያ ከሰሰ። በ2022 ፍርድ ቤቱ ዴል ቦይ እንደ ገጸ ባሕርይ ራሱን ችሎ በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው ብሎ ወሰነ፤ የፓሮዲ መከራከሪያውንም አልተቀበለም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ትርኢቱ በሲትኮሙ ላይ የሚለው ነገር የለውም፣ ዴል ቦይን ወስዶ ያንኑ ዴል ቦይ ነው መልሶ ያቀረበው።

በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ውስጥም አንድ ጉዳይ ተነሳ። አቢጌል ባርሎውና ኤሚሊ ቤር የተባሉ ወጣት ሙዚቀኞች «ብሪጅርተን» በተባለው የኔትፍሊክስ ድራማ ላይ ተመሥርተው የሠሩት አልበም የግራሚ ሽልማት አግኝቶ ነበር። በጁላይ 2022 ሥራቸውን በኬኔዲ ሴንተር ትኬት በተሸጠበት ኮንሰርት ሲያቀርቡ ግን ኔትፍሊክስ በቀናት ውስጥ ከሰሳቸው፤ በሴፕቴምበር ግን ክሱን አቋረጠ። የእነሱ ሥራ ፍቅር የተሞላበት ነበር። ፓሮዲ ግን አልነበረም።

እነዚህን ጉዳዮች ጎን ለጎን ያየ ሰው የሚያገኘው ነገር ከሕግ መጽሐፍ ያልፋል። ዳኛው የሚጠይቀውና ተመልካቹ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምን ጨመርክ? ተወዳጁን አነጋገር ደግሞ ጭብጨባ መቀበል ብቻውን ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ያስቃል፣ ከዚያ ይሰለቻል። ደካማ የሲትኮም ፓሮዲዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። የሚያስታውሱን ነገር ይበዛል፣ የሚነግሩን ነገር ያንሳል።

በ«ፍሬንድስ» ላይ የሚነገር ነገር አይጠፋም። አንዲት አስተናጋጅና አንዲት ሥራ የምትቀያይር ሼፍ በማንሃተን መሐል ያን የሚያህል ሰፊ ቤት በምን ገንዘብ ተከራዩት? ሲትኮሙ ቤቱ የሞኒካ አያት እንደነበረና ኪራዩ በድሮው ዋጋ እንደቆየ ጣል አድርጎ አልፎታል፤ የመድረኩ ትርኢት ግን ይህንኑ ጥያቄ ዘፈን አድርጎታል። ኒውዮርክ ውስጥ ደመወዙን ለኪራይ የሚገብር ተመልካች እዚህ ላይ የሚስቀው ሳቅ ከልቡ ነው። የሞኒካ የልጅነት ውፍረትም አለ፤ ሲትኮሙ ተዋናይቷን ጥጥ በተሞላ ልብስ እያለበሰ ደጋግሞ ሲያስቅበት ኖሯል፤ የዛሬ ተመልካች ያን ቀልድ ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ የዘር ጉዳይ ነው። ኒውዮርክን በመሰለ ከተማ ስድስቱም ዋና ገጸ ባሕርያት ነጮች ነበሩ። ይህ ትችት ለዓመታት ሲሰነዘር ከቆየ በኋላ ማርታ ካውፍማን በ2022 ጥፋቷን በአደባባይ አምና ለተማረችበት ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ በአፍሪካና በአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት የፕሮፌሰርነት ወንበር ማቋቋሚያ 4 ሚሊዮን ዶላር ሰጥታለች። ፈጣሪዋ ራሷ ይህን ካለች ፓሮዲው ዝም ሊል አይገባውም። ጥቁር ተዋንያን የሮስን ወይም የሬቸልን ቦታ በያዙበት ምሽት ደግሞ መድረኩ አንድም ንግግር ሳይጨምር ብዙ ይናገራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገርም አለ። ቻንድለርን የተጫወተው ማቲው ፔሪ በኦክቶበር 2023 አርፏል። ከአንድ ዓመት በፊት ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ሕዝቡ በሚስቅለት ዓመታት ሁሉ ከመድኃኒትና ከአልኮል ሱስ ጋር ሲታገል እንደኖረ ተርኳል። ቻንድለር ላይ መቀለድ ይቻላል፤ ያ በቃላት መሐል ቆም እያለ የሚያሾፍበት አነጋገሩ ለማንኛውም ተዋናይ ግብዣ ነው። በሰውየው ሕመም ላይ መቀለድ ግን ሌላ ነው፤ ጥሩ ፓሮዲ በገጸ ባሕርዩና በተዋናዩ መካከል ያለውን ድንበር ያውቃል።

እነዚህ ትርኢቶች ትልቅ ገንዘብ የሚፈስባቸው የብሮድዌይ ሥራዎች አይደሉም። ጥቂት ተዋንያን ናቸው፤ አንዱ ሰው ዊግና ኮት እየቀያየረ አራትና አምስት ሰው ይሆናል። ይህ ከወጪ ቁጠባ የመጣ ቢሆንም መድረክ ላይ ግን ራሱ የሳቅ ምንጭ ነው፤ ተመልካቹ ተዋናዩ አሁን ከመጋረጃው ጀርባ እየሮጠ ልብሱን ሲቀይር ይታየዋል። ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ከተማ ለመድረስ ይመቻል። ትንሽነታቸው በክፉ ቀንም ጠቅሟቸዋል። በኮቪድ ምክንያት የኒውዮርክ ቴአትር ቤቶች በሙሉ ከተዘጉ በኋላ፣ የብሮድዌይ ታላላቅ ሙዚቃዊ ቴአትሮች እስከ ሴፕቴምበር 2021 ሲጠብቁ፣ የ«ዘ ኦፊስ» ፓሮዲ በኤፕሪል 2021 መጋረጃውን ከፍቶ ነበር።

የ«ዘ ጎልደን ገርልስ»ም ነገር መነሳት አለበት። ከ1985 እስከ 1992 በ180 ክፍሎች የታየው ይህ ሲትኮም ማያሚ ውስጥ አብረው የሚኖሩ አራት በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ታሪክ ይተርካል። «ጎልደን ገርልስ፦ ዘ ላፍስ ኮንቲኒው» የተባለው ተዘዋዋሪ ተውኔት አራቱንም ሴቶች ለወንዶች ሰጥቶ ዛሬ ላይ ያመጣቸዋል፤ አሮጊቷ ሶፊያ ለጡረተኞች መድኃኒት ስትሸጥ ተይዛ በዋስ ተለቃለች፣ ብላንሽና ሮዝ ደግሞ ለአዛውንቶች የፍቅር ጓደኛ ማገናኛ መተግበሪያ ከፍተዋል። ሙዚቃዊ አይደለም፤ ነገር ግን ምን ጨመርክ ለሚለው ጥያቄ መልስ አለው። የቆየውን አይደግምም፤ እነዚያ ሴቶች ዛሬ ቢኖሩ ምን ያደርጉ ነበር ብሎ ይጀምራል።

በአሜሪካም ሆነ በብሪታንያ የሚኖሩ አንባቢዎች እንዲህ ያለ ትርኢት ወደ ከተማቸው ሲመጣ ጥቂት ነገር ቢያስቡ ይጠቀማሉ። ማስታወቂያው ላይ «ፓሮዲ» ወይም «ከባለመብቱ ጋር ግንኙነት የለውም» የሚል ጽሑፍ ካለ የቴሌቪዥኑ ተዋንያን አይመጡም ማለት ነው። ቀልዱ ለአዋቂ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል ልጆች ይዘው ከመሄዳቸው በፊት የዕድሜ ገደቡን ማየት ያስፈልጋል። ሲትኮሙን ጨርሶ ያላየ ሰው ብዙ ቀልድ ያመልጠዋል፤ ሁሉንም ማየት ግን አይጠበቅበትም። ለ«ፍሬንድስ» የመጀመሪያውን ክፍል፣ በሁለተኛው ምዕራፍ የድሮው የቪዲዮ ካሴት የሚታይበትን፣ በአራተኛው ምዕራፍ ጓደኛሞቹ በጥያቄና መልስ ውድድር ቤት የሚያስይዙበትንና የመጨረሻውን ክፍል አይቶ መግባት ይበቃል። ከተቻለ ደግሞ ሲትኮሙን በቃሉ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ይቀመጡ።